ከድሩ ጫፍ የምትተርፈው ስንዝር፦ የሽሮ ሜዳ ጥለት ከየት ይመጣል?

ከሽሮ ሜዳ ገበያ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለች ጠባብ ቅያስ ውስጥ አራት ሸማኔዎች የሚሠሩባት የጭቃ ቤት አለች። ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ የጥምቀት ትእዛዝ ሁሉ በአንድ ጊዜ «ድረሱልኝ» በሚባልበት ሰሞን፣ እዚያ ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጬ ዋልኩ። በሩ አጠገብ ባለው ጉድጓድ እግራቸውን ከትተው የሚሠሩት አዛውንት ጎን፣ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ስልክ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ቀያይ ጽጌረዳ የሞላበት የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ አለ። ስልኩ በየደቂቃው ይጨልማል። እሳቸው መወርወሪያውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው አውራ ጣት ነካ ያደርጉታል፤ ይበራል፤ አንዴ አየት ያደርጉና ወደ ድሩ ይመለሳሉ። ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። የሚቆጥሩት ክር ነው።

ፎቶውን በቴሌግራም የላከችው አንዲት ሚዜ ናት። እሷ ያገኘችው ከቲክቶክ ነው። ስልኩን አንስቼ አጉልቼ ሳየው ጽጌረዳው የተሸመነ አልነበረም፤ ጥልፍም አይደለም። ሽፎን ላይ በቀለም የታተመ ነው። የሆነ ቦታ አንድ ማሽን የእጅ ጥለትን አስመስሎ አተመ፤ አሁን ደግሞ እጅ ያንኑ ሕትመት መልሶ ሊሸምነው ይታገላል።

«እንደ ፎቶው ይወጣል ጋሼ?» አልኳቸው።

«እንደሱስ አይወጣም» አሉኝ። «ይሄ ቀለም ነው ልጄ። ቀለም እንደፈለገ ይፈሳል። ክር አይፈስም፤ ይቆጠራል።»

ጥለት የሚጣለው ድሩን በጣት እየለዩ፣ ባለቀለሙን ክር በመካከሉ እያሾለኩ ነው። ድሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ማጉ አግድም ያልፋል፤ በሁለቱ መካከል ክብ የሚባል ነገር የለም። ክብ መስሎ የሚታየን ሁሉ ደረጃ በደረጃ የወጣና የወረደ መስመር ነው። ስለዚህ የጽጌረዳዋ ቅጠሎች እጃቸው ላይ ጥግ አወጡ። የቀለሙ መደብዘዝና መድመቅ ቀርቶ ሁለት ቀይና አንድ ጥቁር ክር ተተካ። ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ላይ የተቀመጠችው አበባ ከፎቶዋ ይልቅ ከጋሞ ሸማኔዎች የባህል ጥለት፣ ከጨንቻው ዱንጉዛ ጋር ትዛመድ ነበር፤ ያው ሦስት ማዕዘን፣ ያው ጥርስ ጥርስ ያለ ጠርዝ። የመጣችው ከሩቅ ነው፤ ቤት ስትገባ ግን የቤቱን መልክ ያዘች።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያቺ አበባ ናት። ስለ ባህል ልብስ ሲነሣ ዘወትር የምንሰማው ክርክር «ኮረጁ» እና «ባህላችንን አበላሹ» የሚል ነው። ነጋዴው ሸማኔውን፣ ሸማኔው ጎረቤቱን፣ ዲዛይነሩ ሌላውን ዲዛይነር፣ ሁላችንም አንድ ላይ ደግሞ ከውጭ የሚገባውን የታተመ ጨርቅ እንከሳለን። ከክሱ ውስጥ እውነት ያለበት አለ። ነገር ግን ከሌላ ማየትና መውሰድ በራሱ ጥፋት ከሆነ በዚህች አገር ንጹሕ የእጅ ሥራ አይገኝም። መመርመር ያለበት የወሰድነው ነገር በምን በኩል አልፎ ሥራ እንደሚሆን ነው። በእጅና በክር በኩል ካለፈ ይለወጣል፣ ይወልዳል። ያን መንገድ ዘሎ ከፎቶ ወደ ጨርቅ ከሄደ ግን እንደመጣ ይቀራል። ይህ መንገድ አሁን ሽሮ ሜዳ ላይ እየጠበበ ነው። ያጠበበውም የሸማኔው ስንፍና አይመስለኝም፤ የሥራው ሒሳብ ነው።

መጀመሪያ ስለ መውሰድ። ከዚያች የጭቃ ቤት ወጥቶ ዳገቱን የጨረሰ ሰው እንጦጦ ማርያምንና እንጦጦ ራጉኤልን ያገኛል። ማርያም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ናት። ራጉኤል ስምንት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ነው፤ በአሠራሩ የሕንድ ግንበኞች እጅ አለበት። የጥንቷ አዲስ አበባ ባለ በረንዳ የእንጨት ቤቶችም የዚያው የሕንድና የአርመን እጅ ያረፈባቸው ናቸው፤ ዛሬ ሲፈርሱ ስናይ የምናዝነው «የእኛ» ብለን ነው፤ ልክም ነን። ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። የአክሱም ሐውልት ድንጋይ ሆኖ ሳለ የእንጨት ቤት መስሎ የተጠረበ ነው፤ ከሥሩ በር አለው፣ በሩ ላይ መዝጊያው ሳይቀር ተቀርጿል፣ በየደርቡ የወራጅ እንጨት ጫፍ ይታያል። ድንጋይ ጠራቢው ምንጩ አናጢው ነበር። በላሊበላ ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉት ደግሞ ያንኑ የአክሱም የእንጨትና የድንጋይ ግንብ ከአለት ውስጥ አወጡት። እንጨቱ ድንጋይ ሆነ፣ ድንጋዩ እንደገና ሕንፃ ሆነ።

የሥዕል ታሪካችንም ከዚህ አይለይም። በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ነገሥታቱ ግቢ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ሕፃኑን ኢየሱስን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ በመሣሉ፣ ግራ እጅ በእኛ ዘንድ የክብር እጅ አይደለምና፣ ቁጣ አስነሥቶ እንደነበር ይተረካል። በኋላ ግን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ያቀፈችው፣ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዘው በግራና በቀኝ የቆሙላት ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ ተሣለች፤ ዛሬ ያቺን ሥዕል የውጭ ናት ብሎ የሚያስብ ምእመን የለም። የሮም ሥዕል በሕትመት ቅጂ መጥቶ የጎንደር ሠዓሊ ዓይንና ብሩሽ ሲያልፍበት፣ ዓይኖቹ ሰፉ፣ የልብሱ እጥፋት መስመር በመስመር ሆነ፣ ጀርባው በአንድ ቀለም ተሞላ። ከሽማግሌው ጽጌረዳ ጋር አንድ ነገር ነው።

ወደ ሸማው ስንመለስ ጃኖ ላይ ያለው ያ የማዕረግ ቀይ ጥለት ክሩ በነጋዴ እጅ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። በርኖስን መንዞች ከራሳቸው በግ ጠጕር ፈትለው ይሠሩታል፤ ስሙ ግን ከሰሜን አፍሪካ የዐረብ ካባ ስም ጋር አንድ ነው። ሽሮ ሜዳ ራሷ የሰው ጉዞ ውጤት ናት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ናቸው የእንጦጦን እግር ሥር የሽመና ሠፈር ያደረጉት። የመጡት የሰሜኑን ነጠላና ጋቢ፣ የከተማውን ቀሚስ ሊሸምኑ ነበር፤ ደንበኛው የሚፈልገው እሱን ነውና። የራሳቸውን ዱንጉዛ፣ ያንን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ፣ ለረጅም ጊዜ ለራሳቸው በዓል አስቀሩት። ዛሬ ዱንጉዛ በሸሚዝ ኮሌታ፣ በከረባት፣ በሕፃናት ልብስና በቦርሳ ላይ ሲታይ እኔ ደስ ይለኛል። ለመቶ ዓመት የሌላውን ሲሸምን የኖረ እጅ የራሱን ወደ አደባባይ ሲያወጣ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሸማኔው ስም አልነበረውም። ስም ነበረው ከተባለም ስድብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ በሥራው መሳደብን ከልክለው ነበር። አዋጅ ማስፈለጉ ነውሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል። ቋንቋችን ራሱ ሳይመሰክርብን አይቀርም። «ጥበብ» ስንል ዕውቀት ነው፤ ኪነትም ነው፤ በቀሚሱ ጫፍ ላይ የሚጣለው ባለቀለም ሽመናም ነው። ጠይብ የሚለው ስድብም ከዚያው ከጠቢብ የወጣ ነው። ሥራውን በጥበብ ስም እየጠራን ሠሪውን በዚያው ቃል ስናዋርደው ኖረናል።

ይህ ልማድ ዛሬም መልኩን ለውጦ አለ ባይ ነኝ። ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ በሚሠሯቸው ሥራዎች የሸማኔውን ዕቃና የጥለቱን ረድፍ፣ የክታቡንም ሥዕል ወደ ዘመናዊ ሥዕል አምጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸልመውበታል። እስክንድር ቦጎሲያን ከደብተራው ጠልሰም ትልቅ ዓለም ከፈቱ። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚሰበሰበው ቁልፍ፣ ክርና የኮምፒውተር ሽቦ ሲሠሩ፣ በመካኒሳ ያለው ዞማ ቤተ መዘክር ደግሞ በጭቃና በጭድ ከነበረ የቤት አሠራር ጥበብ ሲነሣ፣ ሁሉንም በአድናቆት ተቀብለናል፤ እኔም ከአድናቂዎቻቸው ነኝ። ሠዓሊው ከሸማኔው ሲወስድ «መነሻ ሐሳብ አገኘ» እንላለን። ሸማኔው ከስልክ ፎቶ ሲወስድ ግን «ኮረጀ»። ሁለቱም ያደረጉት ያዩትን በእጃቸው ማሳለፍ ነው። አንደኛው ሥራው ላይ ይፈርማል፤ ሌላው አይፈርምም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ።

ሽሮ ሜዳ ውስጥ አብዛኛው ሸማኔ የሚከፈለው በሠራው ቁራጭ ነው። ክሩን የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ነጋዴው ነው፤ ጥለቱንም የሚመርጠው እሱ ነው፣ ወይም በእሱ በኩል የመጣችው ደንበኛ ናት። ድር መቀጠል ብቻውን ከባድ ሥራ ነው፤ ክሩ ተዘርግቶ፣ ተቆጥሮ፣ አንድ በአንድ ተቀጥሎ እስኪወጠር ድረስ መወርወሪያው አይነካም፣ ለዚያም ጊዜ የሚከፍል የለም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ያልተሞከረ ጥለት ልሞክር የሚል ሸማኔ ከኪሱ ይከፍላል። ጥለቱ ቢበላሽ ክሩ የሰው ነው፤ ፈትቶ መልሶ መሸመን የአንድ ቀን ምሳ ያስቀራል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ፣ ቤት ኪራይ ያለበት ሰው አዲስ ነገር የማይፈጥረው ሐሳብ አጥቶ አይደለም። ሐሳብ የሚበላሽበት ትርፍ ክር ስለሌለው ነው።

በፊት ይህን ትርፍ የሚሰጠው አብሮ መቀመጡ ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር አራት አምስት ጉድጓድ ሲኖር አንዱ የጣለውን ሌላው አሻግሮ ያያል፤ «ይሄን በጥቁር ብታደርገው» ይላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ራሱ በጥቁር ያደርገዋል። ጥለት በወረቀት አይቀመጥም ነበር፤ የሚቀመጠው በቁጥር ነው፣ ቁጥሩም በጣትና በአፍ። ልጅ ከአባቱ፣ ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ መጀመሪያ ክር ማጠንጠን፣ ቀጥሎ ሜዳውን ጨርቅ፣ ከዓመታት በኋላ ጥለቱን ይለምዳል። የተማረው ጥለት አንድ ቢሆንም በቁጥሩ ላይ አንድ ክር በመጨመርና በመቀነስ ሌላ ጥለት እንደሚወጣ የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው። የሸማኔ ፈጠራ ከዚህ የቁጥር ጨዋታ ይወጣል። ፎቶ ይህን አያስተምርም፤ መልኩን እንጂ ቁጥሩን አይናገርም።

ያ የመማሪያ መንገድ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ ግን አይደለም፣ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ባነብ እቆጣለሁ። ከጋሞ ቀበሌዎች «እናስተምራቸዋለን» ተብለው የመጡ ስንትና ስንት ሕፃናት ትምህርት ቤት ሳያዩ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ጎብጠው፣ ያለ ደመወዝ ሌትና ቀን ሲሸምኑ ኖረዋል። ይህ በግልጽ የታወቀ፣ በብዙ ጥናትና በብዙ ዘገባ የተነገረ ነገር ነው። ያ ልጅ ጥለት ቢማርም የተማረው በፍርሃት ነው። ዛሬ ከእነዚያ ልጆች መካከል አድገው ሙያቸውን የጠሉ አሉ፤ ልጆቻቸውን ወደ ሽመና የማያስጠጉትም ለዚህ ነው። አሮጌው ሰንሰለት ሲበጠስ የምናዝን ሰዎች ሰንሰለቱ ስንቱን እንዳሰረ መርሳት የለብንም። የሚያስፈልገው ልጅን ከትምህርት ቤት ሳያስቀር እጅ ለእጅ የሚያስተላልፍ ሌላ መንገድ ነው፤ በሠፈሩ ያሉት የሸማኔ ማኅበራት ይህን ሊሸከሙ የሚችሉ ይመስለኛል፣ ትርፍ ክርና ትርፍ ጊዜ ከተገኘላቸው።

እዚህ ላይ ነው የታተመው ጨርቅ ጉዳቱ የሚታየው። ጥለቱን በቀለም አትሞ ወይም በማሽን ሸምኖ ከቻይና የሚገባው «የሐበሻ ልብስ» ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ለትምህርት ቤት በዓል፣ ለቢሮ የዓመት በዓል ፕሮግራም፣ አንዴ ለብሶ ለማውለቅ ይገዛል። ገዢውን አልወቅስም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ ያደገ ሰው፣ ኪሱ ሲሳሳ ባዶውን ከሚወጣ የታተመውን ቢለብስ ምን ይባላል? ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ርካሹ ጨርቅ የእጁን ዋጋ ወደ ታች ይጎትታል፣ ዋጋው ሲወርድ ሸማኔው ብዛት ላይ ይሮጣል፣ ሲሮጥ የሚሠራው የተለመደውንና ቶሎ የሚያልቀውን ብቻ ይሆናል። ያኔ እጅና ማሽን አንድ ዓይነት ነገር ይሠራሉ፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ ማሽኑ ያሸንፋል። ሸማኔው ከማሽን የሚበልጠው ማሽኑ ገና ያላየውን ሲሠራ ብቻ ነው፤ ያን ለመሥራት ደግሞ ጊዜውን ያጣው በማሽኑ ምክንያት ነው።

ሕጉስ? በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የኢንዱስትሪ ንድፍ ተመዝግቦ ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል። ንድፉ ግን አዲስ መሆን አለበት። ዱንጉዛ አዲስ አይደለም፤ የአያት ቅድመ አያት ነው። ስለዚህ በጣም የእኛ የሆነው ጥለት በዚህ በር አይገባም፣ ትናንት አንድ ዲዛይነር ያወጣችው ግን ይገባል። አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ደግሞ ዛሬ በቁጥር ጨዋታ ያወጣውን ጥለት ማመልከቻ ሞልቶ እስኪያስመዘግብ ድረስ ጎረቤቱ ሦስት ቀሚስ ሸጦበታል። በዚህ ፍጥነት ላይ የተሠራ ሕግ አላየሁም።

ሌላ መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በቡና ስምነታቸው በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተከራክራ፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር እስከ ስምምነት ደርሳለች። እዚያ የተጠበቀው ስሙ ነው። ጋና ውስጥ ደግሞ ኬንቴ የሚባለው የእጅ ሽመና፣ እንደ እኛው በታተመ ጨርቅ ሲጠቃ የኖረ፣ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ኬንቴ ላይ የምቀናበት ነገር መመዝገቡ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጥለት ስም ያለው መሆኑ ነው። ስም ያለው ጥለት ይጠየቃል፣ ይታዘዛል፣ «የእገሌ ሠፈር ነው» ይባላል። እኛ ዘንድ ብዙው ጥለት የሚጠራው «ያ በቴሌግራም የላክሁልዎት» ተብሎ ነው።

ከፈጠራ ምንጮች ሁሉ ብዙ ያልተነገረለት ደግሞ ችግር ራሱ ነው። ከሽሮ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ቀጨኔ የሸክላ ሠሪ እናቶች ሠፈር ነው። ስለ ጀበናቸው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ምጣድ ላይ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲመጣ ሸክላው ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠማዘዝ ቦይ አስፈለገው፤ የሚግለው ሽቦ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ላዩ እንጀራ እንዲያወጣ እንደ ጥንቱ ልስልስ ማለት አለበት፣ ሥሩ ግን ሽቦ ይሸከማል። ቦዩ ጠልቆ ከተቀደደ ምጣዱ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ካልጠለቀ ሽቦው አይቀመጥም። ይህን ያወቀው የሸክላ ሠሪ እጅ ነው። ምጣድ የሚያህል ጥንታዊ ዕቃ መብራት ሲመጣ በአንድ ትውልድ ተለወጠ፣ ማንም «ባህላችን ተበላሸ» አላለም፤ ሁላችንም እንጀራችንን እየጋገርንበት ነው። በዘነበወርቅ የተጀመረው የጫማ ድርጅት ሶልሬብልስም ከዚህ ወገን ነው፤ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመሠርቱት መነሻቸው ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ነበር። በረባሶን የፈጠረው እረኛ ይሁን ወታደር አይታወቅም። ጫማ የሌለው፣ ጎማ ያየ ሰው ነው።

አንዳንድ ሸክላ ሠሪዎች የተሰበረ ዕቃ ገሉን ወቅጠው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይለውሱታል። አዲሱ ዕቃ በእሳት እንዳይሰነጠቅ የሚያጠነክረው ያ የአሮጌው ዱቄት ነው። ምንጭ ማለት ምን እንደሆነ ከተጠየቅሁ ይህን ነው የማሳየው። አሮጌው ዕቃ እንዳለ ሆኖ በመደርደሪያ አይቀመጥም፤ አይጣልምም። ደቅቆ ገብቶ፣ ሳይታይ፣ አዲሱን ያጸናል።

ወደዚያች የጭቃ ቤት ልመልሳችሁ። ወደ አመሻሽ ላይ ሚዜዋ ከእናቷ ጋር መጣች። ጨርቁን ዘርግታ ከስልኳ ጋር አስተያየችውና ፊቷ ጠቆር አለ። «አባባ፣ እንደሱ አይደለምኮ» አለች፣ በትሕትና። ሽማግሌው ለምን እንዳልሆነ ሊያስረዷት ጀመሩ። እናትዮዋ ግን ጣልቃ ገብተው ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን አወጡት፣ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ሸማ የሚያውቅ ሰው ጀርባውን ነው የሚያየው፤ የክሩ ጫፍ የት እንደተደበቀ፣ የት እንደተንዘላዘለ የሚታየው እዚያ ነው። «ይሄንን ስንት ቀን ፈጀብዎ?» ብለው ጠየቁ። ነገሯቸው። ልጅቷም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከእናቷ ጎን ቆማ ማየት ጀመረች። ወሰዱት። ወደውት ይሁን ጥምቀት ስለደረሰ እኔ ልናገር አልችልም።

ሲወጡ ሽማግሌውን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ ጥግ ያላት ጽጌረዳ ቆጠራዋ ከየት መጣ? በአንድ ጠዋት እንዲህ አትወጣም።

ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ስበው አወጡ። ውስጡ የጨርቅ ቁርጥራጭ ሞልቶታል፤ አንዱም ከስንዝር አይበልጥም። ነገሩ እንዲህ ነው። ድር ሲያልቅ ከመጨረሻው ላይ ለቀሚስም ለነጠላም የማይሆን ትንሽ ጫፍ ይተርፋል። ነጋዴው አይጠይቀውም፣ ደንበኛም አታውቀውም። አብዛኛው ሸማኔ ቆርጦ ይጥለዋል። እሳቸው በዚያች ጫፍ ላይ ከየትም ከየትም የተረፈ ባለቀለም ክር እየለቀሙ፣ ሲመሽና ሰው ሲሄድ፣ ደስ ያላቸውን ይጥሉበታል። የቤተ ክርስቲያን መስኮት አለ፣ የአውቶቡስ ትኬት ላይ ያዩት ጌጥ አለ፣ የቆርኪ ጥርስ አለ። ከሥር የነበረው አንዱ ቀይ ጥለት ብቻ ነው፤ ጠይሟል፣ ዳሩ ተበልቷል። «የአባቴ እጅ ነው» አሉኝ። አበባዋን ያገኘኋት መሃል ላይ ነው፤ በአረንጓዴና በቢጫ፣ ከፎቶው ብዙ ዓመት በፊት የተጣለች፣ ያው ጥግ ጥግ ያላት።

ከዚያ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። ድሩ ላይ የቀረችው ጫፍ ገና አልተቆረጠችም ነበር። መብራቱን ወደ ራሳቸው አስጠጉና ከተንጠለጠሉት ክሮች ጥቁሩን መዘው ቆጠራ ጀመሩ።